ጃንጥላ ላይ የደረሰችው መኪና

«እማዬ፣ ባለችበት ቆማ የምትጋልብ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ ልጄ። አዲስ አበባ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ዘመን ያለፈባት፣ ዝቅ ያለች ቀይ የእሽቅድድም መኪና ጠግኖ፣ ጎማዋን ተሽከርካሪ ብረት ላይ አቁሞ ጉልበቷን በማሽን ለክቶ ነበር። አሁን ደግሞ ቆቦ ድረስ ይዟት መጥቶ «በዋጃ መንገድ ልሞክራት» አለ። የፍጥነት ቆጣሪዋ እንኳ አይሠራም! ጢም ያወጣ ልጅ አይከለከል ነገር፣ እኔ ከጎኑ ካለሁ ቀስ ይላል ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ።

እናንተዬ፣ ከከተማ እስክንወጣ እንደ ሙሽራ ወሰደኝ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ለቀቃት! «ሚካኤል፣ በሰላም ካገባኸን ጧፍ!» አልኩ። ጨመረ። «መጋረጃም!» አሁንም ጨመረ። «ጃንጥላ! ባለ ዘርፍ ጃንጥላ!» ብዬ ስጮህ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። ትንሽ እንደሄድን ግመሎች አስፋልቱን ሞልተውት አገኘን፤ ፍጥነቷ በርዶ ስለነበር በሰላም ቆምን።

«አንተ ልጅ፣ ቀድመህ አይተሃቸው ነው?»

«ኧረ አላየኋቸውም። ቆጣሪ ስለሌለኝ ያንቺን ስለት ነበር የማነበው። ጃንጥላ ስትደርሺ፣ በቃ መጨረሻዋ ይሄ ነው ብዬ ተውኩ።»

ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ።

በማግስቱ ጠዋት የተሳልኩትን ሁሉ ይዤ ወደ ሚካኤል ተነሳሁ። «በመኪናዋ ላድርስሽ» አለኝ። «ተወኝ ልጄ፣ እስክንደርስ ሌላ ስለት ይጨመርብኛል» ብዬ በእግሬ ሄድኩ።