ዓሣው ወዴት ሄደ?

ከጤና ጣቢያው ወጥቼ በወደቡ በኩል ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ በአንዲት ጀልባ አጠገብ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ደረስሁ። አንደኛው የማውቃቸው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ሌላይቱ ስለ ባሕር ፍጥረት ተምራ የተመለሰች የወንድማቸው ልጅ። ሽማግሌው ዓይኑ የጠበበ መረብ ጭነው ወደ ሰላጤው ሊገቡ ሲሉ፣ እሷ የጀልባዋን ገመድ ይዛ አልለቅም ብላለች።

«ዶክተር፣ እስቲ ይዳኙን!» አሉኝ። «ይህች ልጅ በረሃብ ልትፈጀን ነው።»

«አጎቴ፣ ይቆጡኝ፤ ግን ይስሙኝ» አለች። «በሰላጤው የቀረው የዓሣ ጫጩት ብቻ ነው። እሱን ካወጡት ዘር ይጠፋል።»

«ባሕር ኩሬ መሰለሽ? ዓሣ ቢሸሽ ይመለሳል። አባቶቻችንም ክፉ ዘመን አይተዋል።»

«እነሱ ያዩት ያልፍ ነበር። አሁን ውሃው ራሱ እየሞቀ ነው። የሰው ልጅ ጭስ አየሩን አሞቀው፤ አብዛኛውን ሙቀት ባሕር ዋጠው። የሞቀ ውሃ ደግሞ ለዓሣ የሚበቃ አየር አይዝም። መሄድ የቻለው ወደ ቀዝቃዛው ጥልቅ ሄደ። ዓሣ የሚጠለልበት ኮራል ግን እግር የለው፤ ነጥቶ አጥንት መሰለ።»

ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ማዕበሉ የተፋው የሞተ ዓሣ ሽታ አፍንጫችንን አስይዞን ነበር።

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ወደ ጥልቁ ሄደ አልሽ? ልጄም እሱን ፍለጋ ነዋ የራቀው! ‹ሰነፍ አትሁን፣ ራቅ ብለህ ፈልግ› ያልሁት እኔ ነኝ።»

ልጃቸው ወደ ጥልቁ ባሕር ከነጀልባው እንደወጣ ቀርቷል።

«መረቡን ብተወው ሙቀቱ ይበርዳል?» አሉ ሽማግሌው።

«አይበርድም፤ አልዋሽዎትም» አለች ልጅቷ። «ጭሱን የሚያበዙት ካልቀነሱ ይብሳል። ግን ጫጩቱ አድጎ ከወለደ፣ ሙቀቱን የሚችል ዘር ሊተርፍ ይችላል። ሰላጤውን ለአጥማጅ እንዝጋ፤ ከሰላጤው ውጭ የተገኘችውን እንካፈል።»

ሽማግሌው መረቡን ከጀልባዋ ጎትተው አሸዋው ላይ ጣሉት። «ልጄን መቅበር እንኳ አላገኘሁም፤ የባሕሩን ልጆች በእጄ አልጨርስም» አሉ።

የሰፈሩ ዓሣ አጥማጆችም በእሳቸው ቃል ሰላጤውን ዘጉ። ያን ዓመት ብዙ ቤት ጦሙን አደረ፤ ሰፈሩን ለቆ የሄደም አለ። በተከታዩ ዓመት ግን እንቁላል የያዙ ዓሦች ታዩ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ለዘር የተተወ ዓሣ የነገ ቀለብ ነው፤ ቀለቡ በደጁ ያለ ልጅም ሞትን ፍለጋ አይርቅም። ውሃው ግን አሁንም እየሞቀ ነው። ጭሱን ለሚያበዙት ሁሉ ንገሩልን፦ እኛ ድርሻችንን ተርበን ተወጥተናል።