የይመር ወንበርና የእኔ ቃለ ጉባኤ

በእኛ ዘመን፣ «የእኛ ዘመን» ስል የድሮውን እንዳይመስልሽ ኑሪያ፣ ይህንኑ የምንኖርበትን ማለቴ ነው፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፣ የምክር ቤት ሰው ይከሰሳል ብሎ የሚያስብ በቀበሌያችን አልነበረም። ነገሩን መጀመሪያ የነገረኝ ባጃጅ ነጂው ሐሰን ነው። ማክሰኞ ዕለት፣ የለም፣ ረቡዕ ነው፣ ከሐይቅ ገበያ ወደ ቤቴ ሲያደርሰኝ በሬ ላይ ቆመና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ አልሰሙም? የይመርን ያለመከሰስ መብት አነሱት እኮ!»

«ማን አነሳው?»

«ምክር ቤቱ ነዋ! ‹የምትደግፉ እጃችሁን› ሲባል ሁሉም አወጣ። ወላሂ መምህር፣ ይመር ራሱም አወጣ!»

«በራሱ ላይ?»

«ልማድ ነዋ! ስንት ዓመት ሲወጣ የኖረ እጅ! አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ጎትቶ አወረደለት አሉ።»

ሐሰን ይስቃል፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ይመር ተማሪዬ ነበረና። አንቺ ያኔ ሌላ አገር ታስተምሪ ስለነበር ከሥሩ ልንገርሽ። ይመር በምክር ቤቱ የቀበሌያችን ተወካይ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። ዘይነባ የምትባለው ጎረቤታችን ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ፣ ሐይቁ ዳር ባለው መሬቷ ላይ የሰው ሽንኩርት በቅሎ አገኘች። ለካ ይመር «ዘይነባ ላትመለስ ሄዳለች» የሚል የሐሰት ምስክርነት ጽፎ መሬቱ ለሚስቱ ወንድም እንዲሰጥ አድርጓል። እና ዘይነባ ከሰሰችው። ከሰሰችው ማለቴ ልክ አይደለም፤ እሷ አመለከተች፣ የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህን ልዩነት ያኔ በቅጡ ተረድቼው ቢሆን ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ።

ታዲያ አገሬው «በአበጋር ይታይ» አለ። አበጋር መቼም ታውቂያለሽ፣ ደም ያቃባቸውን ሳይቀር የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ ነው። የሩቅ ሰው አያዳላም ብለን ሼህ እንድሪስን ከአምባሰል አስመጣን፣ እና እርቅ የሚደረግበት ዛፍ ሥር ተቀመጥን፣ እና ዱዓ ተደረገ። የአበጋር ሥርዓት ያጠፋው ሰው ጥፋቱን ሳይሸራርፍ በራሱ አንደበት ካልተናገረ እርቅ የለም ይላል፤ የተናገረውም ከዚያ ዛፍ ሥር አይወጣም።

ይመር አቀረቀረ። ሼህ እንድሪስ «ልጄ፣ አላህ ያውቀዋል፤ እኛ ልንሰማው ነው የተቀመጥነው» አሉት።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «እንደምትመለስ አውቅ ነበር። እናቷ ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ ጻፍኩ።»

«ከእናቴ አፍ ሰምተህ?» አለች ዘይነባ።

«ከእናትሽ አፍ ሰምቼ።»

እሷም አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፣ እና መሬቱን ሊመልስ ቃል ገባ፣ እና «አውፍ ብዬሃለሁ» ብላ ይቅር አለችው። ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ምን እሠራ ነበር? እጽፍ ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ ያልተጻፈ ነገር ይጠፋል እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሼህ እንድሪስ አዩኝ።

«መምህር፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ቃለ ጉባኤ ነው፤ እርቁን ለፍርድ ቤት ስናሳይ ክሱ ይቋረጣል።»

«እዚህ ብዕር ገብቶ አያውቅም።»

«ሼህ፣ ዘመኑ የወረቀት ነው።»

ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። የለም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንዳልተስማሙ ገብቶኝ ነበር። ሁሉም ፈረመበት። ይመርም «አንቱ ከጻፉት ምን ቸገረኝ፣ መምህር» ብሎ ፈረመ።

ወረቀቱን ራሴ ለዐቃቤ ሕጓ ወሰድኩ። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«ተከሳሹ ራሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«በራሱ አንደበት! ፊርማው ይኸው!»

«መምህር፣ ይህ በእርቅ የሚቋረጥ ክስ አይደለም። የሐሰት ሰነድ ነው፤ ዘይነባ ብትታረቀውም መንግሥት አልታረቀውም።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ይመልሱልኝ።»

«አሁን እንዴት አድርጌ?» አለች፣ እሷም እያዘነች።

ይመር በችሎት ክዶ ነበርና ያ ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ይመር ዞር ብሎ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም፤ ግራ የገባው ነው የሚመስለው። እና ጥፋተኛ ተባለ፣ እና ደሴ ታሰረ፣ እና መቀመጫው ክፍት ሆነ፣ እና ማሟያ ምርጫ ይደረጋል ተባለ። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከቤት ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ ቤት።

ታዲያ አንድ ቀን አምስት፣ የለም፣ ስድስት ገበሬዎች መጡ፤ መሪያቸው ሙሄ ነው።

«መምህር፣ ይወዳደሩልን። የመስኖ ቦያችን ከተሰበረ ወዲህ ሽንኩርቱ እየደረቀ ነው፤ በምክር ቤቱ የሚናገርልን የለም።»

«እኔ እኮ አርጅቻለሁ።»

«ምክር ቤት ሩጫ አለው እንዴ? መቀመጥ ነው እኮ!»

ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እና ኑሪያ፣ ደስ አለኝ። ይህችን ሳትዘይ ጻፊያት፤ ደስ አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ደሴ ሄጄ ይመርን ጠየቅሁት። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆመን «ይመር፣ አውፍ በለኝ» አልኩት።

«ብያለሁ መምህር። እኔው አጥፍቼ አንቱን ምን ልል?»

«በአንተ መቀመጫ ተወዳደር እያሉኝ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ።

«መቀመጫው የቀበሌው ነው፤ ማንም ይግባበት፣ ዘይነባም ትግባበት። አንቱ ግን አይግቡ።»

«ቂም ይዘሃል ማለት ነው?»

«ወላሂ አልያዝኩም! አንቱ ከገቡ ‹መምህሩ ወንበሩን ፈልጎ ነው የጻፈው› ይላሉ። ይበሉ፣ ይህም ይለፍ። ነገር ግን ነገ አንዱ አጥፍቶ አበጋር ፊት ሲቀርብ እኔን ያስባል። አፉን አይከፍትም። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ይታረቃል?»

ተመልሼ ሙሄን እንደማልወዳደር ነገርኩት።

«ቦያችንስ?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ሌላ ሰው ቢኖር አንቱ ዘንድ እንመጣ ነበር?» ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። እውነቱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሼህ እንድሪስ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ መጡ። ታላቅየው ሊናገር ተነሣና እኔን ሲያየኝ ተመልሶ ተቀመጠ። «መምህሩ እዚህ ካሉ አልናገርም» አለ። በእጄ ምንም አልያዝኩም ነበር፤ መዳፎቼን ዘርግቼ አሳየሁት። ቀና ብሎም አላየኝ። ተነሥቼ ራቅ አልኩ፤ ያኔ መናገር ጀመረ። እኔ ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ኑሪያ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እኔን ለምን ያስጽፉኛል፣ መምህር?»

የይመር ጥፋት ተጽፎ በችሎት ተነቧል፤ የቀረው የእኔ ነው። ዛሬ ዐርብ መሆኑን ከላይ ጻፊበት፤ የዕጩዎች ምዝገባ የሚያበቃበት ዐርብ። ሰዓቱን እዪልኝ እስቲ።

«አሥራ አንድ ከአርባ።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዘግተዋል። በቃ፣ አለቀ። አሁን እውነቱን ልንገርሽ፤ የጠራሁሽ ለመጻፍ ብቻ አይደለም። ብቻዬን ከዋልኩ ተነሥቼ ሄጄ የምመዘገብ መስሎኝ ነው።

«ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

ከዚህ ሁሉ በኋላ።

«ይህንንም ልጻፈው መምህር?»

ጻፊው።