በአውጫጭኝ የጠራሁት ስም

በእኛ ጊዜማ ልጄ፣ አሁን አንቺ እንደምትሠሪበት ጤና ጣቢያ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ «መውለዱ ይቆየኝ» ማለት የት አለ? ጣልያን ደብረ ማርቆስ ተቀምጧል፣ አርበኛው ጫካ ነው፣ እኛ ደብረ ኤልያስ አጠገብ መሐል ላይ ነን። ታዲያ እማማ ስንዱ የሚሏት ሥር አዋቂ ነበረች፣ ለሴት መውለድ የሚያቆይ መድኃኒት ትሰጣለች፣ በድብቅ ነው እንግዲህ። እኔም ወስጃለሁ፣ ታላቅ እህቴ የኔነሽም ወስዳለች። የኔነሽማ በአምስተኛው ልጇ ደም አላቆም ብሏት ከሞት ነው የተመለሰችው። እማማ ስንዱም «ስድስተኛውን አትችይውም» ብላታለች።

ታዲያ ባሏ ተሻገር ሁለት ዓመት ሳትፀንስ ቢያይ ጠረጠረ። ሄደና ለጭቃ ሹሙ «ሚስቴን ያመከነብኝ ይውጣልኝ» አለ፣ እና አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ የጥፋተኛው ስም እስኪጠራ ቤቱ የሚገባ የለም። አንድ ቀን ዋልን፣ ሁለተኛውንም ዋልን። እኔ ደግሞ የሚጠባ ልጄን ኩፍኝ ይዞት ለአማቴ ትቼ ነው የመጣሁት፣ ጡቴ ፈስሶ ቀሚሴን አርሶታል። ጭቃ ሹሙ ይህን አየና ድምፁን አለስልሶ፣ «ስሟን ብቻ ንገሪኝ፣ መክረን ነው የምንለቃት፣ አንቺም ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ» አለኝ። የኔነሽ አጠገቤ ነች፣ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝም አላልሁም። «እማማ ስንዱ ናት» አልሁ።

ምክር የት አለ ልጄ? ጎጆዋን አፈረሱና ካገር አስወጧት። እና ስትሄድ በደጄ አለፈች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «ልጁ ተሻለው?» አለችኝ። እሱኑ ብቻ። ተሽሎት ነበር፣ አባትሽ ነው።

የኔነሽ ዓመት ሳይሞላ አረገዘች። ምን ላድክምሽ፣ ስድስተኛውን አልቻለችውም። ማን ዘንድ ይጮኻል? ሕግ እንደሁ የጣልያኑ ለጣልያን፣ ያገሩ ለባል፣ ለሴቲቱ የቆመ አልነበረም። ሰዉ «ጥፋቱ የተሻገር ነው፣ የጭቃ ሹሙ ነው» እያለ ያጽናናኛል። እነሱማ ናቸው። የተናገረው አፍ ግን የእኔ ነው፣ ይቆጨኛል፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ፣ የአንዷ ባል መጥቶ «ሚስቴ ምን ወሰደች?» ቢልሽ ትነግሪዋለሽ?

«አልነግረውም እማማ። ብነግረው በሕግ እጠየቃለሁ።»

እሰይ፣ ተጠየቂ። እኔን የጠየቀኝ የለም። የአውጫጭኙ ሽማግሎች ተነሥተው መርቀው ነው የሰደዱኝ።