የብሩ ጀርባ

አሮጌ ብር አገኘንልህ ብላችሁ ሁለተኛ እንዳትጠሩኝ፤ ደክሞኛል። ብር መሰብሰቡ በሽታ እንደሆነብኝ የገባኝ ዲጋ፣ ለቅሶ ቤት ነው። አብሮኝ የሚያስተምረው ገመቹ አባቱ ሞተውበት ከነቀምት ሄድኩ። እናቱን ላጽናና አጠገባቸው ቁጭ እንዳልኩ፣ አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ የምኒልክ ብር አየሁ። በቃ፣ ሟቹንም ሐዘኑንም ረሳሁ። ከጀርባው ያለው አንበሳ ቀኝ እግሩን ካነሳ፣ ለዓመታት የለፋሁበት ብር ነው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «ዱግዳ ኢሳ»፣ ጀርባውን ያሳዩኝ ልል፣ «ዱግዳ ኬ»፣ ጀርባሽን አሳዪኝ፣ ብዬ አረፍኩት። ለቀስተኛው ሁሉ አፈጠጠብኝ።

ምስኪን እናቱ፣ ሲያለቅሱ ሰንብተው ዝለዋል፤ ለምን እንኳ ሳይሉ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ነገሩ የገባው ለገመቹ ነው። «አንተ ሰው፣ ብሩን ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ፤ ያን ሰዓት አላፈርኩም። እናቱ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ስንጋባ እሱ ያሰረልኝ ነው፤ እየው ልጄ» አሉኝ። ገልብጬ አየሁት። አንበሳው ያነሳው ግራ እግሩን ነው።

«ይሄማ አለኝ» አልኳቸው።