ይበል የሚለው ሰሚው ነው

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ መሪጌታና ስልኩን የሚነካካ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ኢንተርኔት ላይ ያለውን መዝገበ እውቀት እኮ የምንጽፈው እንደኔ ያሉ ሰዎች ነን፣ የኔታ።»

«እንግዲያ የልጄን የጤፍ መውቂያ ማሽን ጻፍልኝ። ከአሮጌ ሞተር ራሱ ነው የሠራት።»

«ወቅታ ታውቃለች?»

«አንድ ነዶ ወቅታ ቀበቶዋ ተበጠሰ። ዘንድሮ ግን አውድማውን ትጨርሰዋለች።»

«ሌላ ሰው አይቶ የመሰከረላት አለ?»

«እኔ አለሁ እንጂ። መሪጌታ አይዋሽም።»

«አይዋሹም። ግን አባቱ ነዎት።»



«እውነትህን ነው። ቅኔ ቤትም ተቀኚው ለራሱ ‹ይበል› አይልም፤ ይበል የሚለው ሰሚው ነው።»

«አባቱ ከሰሚዎቹ መሃል ቢኖርስ?»

«ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። በልቡ ግን ከሁሉ ቀድሞ ብሎታል።»

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

«አሁን አትጻፋት። በውቂያ ጊዜ አገሩ ይበል ሲል ትጽፋታለህ፤ ያን ጊዜ እኔ አልለምንህም።»

ማሽኗን በዓይኔ አላየኋትም፤ ደብረ ታቦር እስክንደርስ ግን ‹ይበል› ከአፌ ሊያመልጥ ሲታገለኝ ነበር።