የእናት ስም የሚጠይቀው ባንክ

ከአል ዐይን ወደ አቡ ዳቢ በምንሄድበት ታክሲ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ያገሬ ሴቶች፣ አንዷ ልጅ እግር፣ ሌላዋ ጠና ያለች፣ ስለ ባንክ ያወሩ ነበር።

«እትዬ ዘነቡ፣ የእርስዎ ባንክ በየወሩ ገንዘብ ይቆርጥብዎታል። የኔው አይቆርጥም፤ ለሰፈርዎ ለአል ኸቢሲም ቅርብ ነው። እሁድ ሄደን እናስከፍትልዎ።»

«ስልክ ስትደውዪ ምን ይጠይቁሻል?»

«ምንም። ቁጥር መጫን ብቻ ነው።»

«የኔዎቹ የእናቴን ስም ይጠይቁኛል።»

«እሱማ ሌባ እንዳይገባ ነው።»

«ይሁን። እዚህ አገር ስምንት ዓመቴ ነው፤ የእናትሽ ስም ማነው ያለኝ ያ ባንክ ብቻ ነው። እኛ ልጆቿ እንኳ እታለም ነበር የምንላት። በስሟ የሚጠራት አባቴ ነበር፣ ከማሳው ሲመለስ። የሺመቤት ሲላት ከወንዙ ማዶ ይሰማል።»

«ቀስ ይበሉ፣ ምስጢር እኮ ነው። ሹፌሩ ሰማ።»

«ይስማ። ካረፈች ወዲህ ስሟን የሚያነሳ የለም።»

«ታዲያ ለዚህ ብለው በየወሩ ፍሉስ ሊያስቆርጡ ነው?»

«ለተዝካሯ አልደረስኩላትም። ይቁረጡ።»

እኔ እናቷ አገር ቤት ለአያቷ ትቻት የመጣሁት ልጄ፣ የእናትሽ ስም ማነው ብትባል የማንን ስም ትጠራ ይሆን ስል መንገዱ አለቀ።