የዳነው ሄዝል

ቦንጋ ግቢዬ ውስጥ ሄዝል የሚባል የውጭ ዛፍ ተከልኩላችሁ። ጌጡ ፀሐይ ሲያገኝ ወርቅ የሚመስለው ቢጫ ቅጠሉ ነው። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ግን ባዩት ቁጥር «ልጄ፣ ይሄ ነገር ታሟል» ይሉኛል። ተፈጥሮው ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ጅማ ለስልጠና ከርሜ ስመለስ፣ በእንሰት ቅጠል ዳስ ጥለውለት፣ ፀሐይ አጥቶ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። «ዳነልህ!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩና በማግስቱ ዳሱን ቀስ ብዬ አነሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ የወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ሆነ። እትዬ አስካለ በአጥር አሻግረው አይተው «አገረሸበት! አንተ ልጅ፣ እጅህ ለተክል አይሆንም» አሉና ዶማ ይዘው መጡ። ከነሥሩ ነቅለው ሲወስዱት እምቢ ማለት አቃተኝ። ይኸው ዛሬ እሳቸው ጓሮ፣ ጥላ ስር፣ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። እኔም እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ።